ጀማሪ ወይስ መካከለኛ ዲኤስኤልአር? ገንዘቡ የሚሄድበትን ማወቅ

ኒኮን በ2017 ዲ7500 የሚባለውን ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀየር፣ ከሌንሱ የገባውን በመስታወት ወደ ዓይን የሚያደርስ ካሜራ) አወጣ፤ የመካከለኛው መደብ ካሜራ ነው፣ ባለ 20.9 ሜጋፒክስል። በዓመቱ ዲ3500ን አስከተለ፤ እሱ የጀማሪ ነው፣ ባለ 24.2 ሜጋፒክስል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ቁጥሮቹን አላቀያየርኳቸውም፤ ርካሹ ይበልጣል። ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው ገና ከመግባቱ "ስንት ሜጋፒክስል ነው?" ብሎ ስለሚጀምር፣ ይህን ጥያቄ ከበሩ ላይ ብንሸኘው ይሻላል። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እየተደረገ በጥሩ ጥራት ቢታተም 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ግድም የሚሆን ፎቶ ይወጣዋል። ከዚያ የሚበልጥ አትሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ጥቂት ነው፤ የሚሰቅለውም በአፍንጫው ተጠግቶ አያየውም።

የሴንሰሩም (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) መጠን አንድ ነው። ሁለቱም ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውን፣ በኒኮን 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነውን ሴንሰር ነው የሚጠቀሙት። አንድ ዓይነት ሌንስ ገጥማችሁ፣ በአንድ ብርሃን፣ ትሪፖድ ላይ አቁማችሁ በየተራ ብታነሱባቸውና ፎቶዎቹን ብትደባልቋቸው፣ የትኛው የየትኛው እንደሆነ መለየት ይቸግራችኋል። እኔንም ይቸግረኛል።

ታዲያ ተጨማሪው ገንዘብ የት ይሄዳል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ መካከለኛው ካሜራ ያነሳችሁትን ፎቶ አያሳምርላችሁም፤ የሚያመልጣችሁን ፎቶ ይቀንስላችኋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ምን እንዳመለጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ምርጫው ቀላል ነው። ገና ካሜራ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ የሚያመልጣችሁን ገና ስለማታውቁት፣ ላልታመማችሁት በሽታ መድኃኒት ለመግዛት አትቸኩሉ።

ማን የት ይመደባል

ካኖን ዘንድ የቁጥሩ አኃዝ ባነሰ ቁጥር ማዕረጉ ከፍ ይላል። 4000ዲና 2000ዲ ከታች፣ 250ዲና 850ዲ ከነሱ በላይ፣ 80ዲና 90ዲ መካከለኛ ናቸው። ኒኮን ግልባጩን ይሠራል፤ ከ3000ዎቹ ወደ 5000ዎቹ፣ ከዚያም ወደ 7000ዎቹ ስትወጡ ደረጃው ይጨምራል። ስሙ ግን እንደ ገበያው ይለያያል። ካኖን 250ዲ በአሜሪካ ሬብል ኤስኤል3 ነው የሚባለው። አንዱን ካሜራ ሁለት መስሏቸው ሲያወዳድሩ የሚያመሹ ሰዎች አይቻለሁ።

ስሙ ካደናገራችሁ ቀኝ ትከሻውን እዩት። መካከለኛ ካሜራ እዚያ ላይ ትንሽ የቁጥር ማሳያ አለው፤ አይኤስኦው (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) ስንት እንደሆነ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው የምታነቡበት። ጀማሪው የለውም። ማዞሪያም ቁጠሩ፤ በመካከለኛው ላይ አንዱ ለአመልካች ጣት፣ ሌላው ለአውራ ጣት ተብሎ ሁለት ተቀምጧል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ካኖንም ኒኮንም ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም፤ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። ስለዚህ "ቀጣዩ ሞዴል እስኪወጣ ልጠብቅ" የሚባል ነገር የለም። በገበያ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ያገለገለውም ከአዲሱ እኩል መታየት አለበት። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ዓይን የሚያየው

ሱቅ ውስጥ ማንም የማይነግራችሁ፣ እቤት ገብታችሁ ግን በየቀኑ የምታገኙት ልዩነት ቪውፋይንደሩ፣ ዓይናችሁን አስጠግታችሁ የምታዩበት መስኮት፣ ነው። የጀማሪ ካሜራ ከሌንሱ የመጣውን ብርሃን ወደ ዓይናችሁ የሚያደርሰው እርስ በርስ በተያያዙ ትንንሽ መስታወቶች ነው፤ ፔንታሚረር ይባላል። በመካከለኛው ውስጥ ያለው አንድ ወጥ የመስታወት ድንጋይ፣ ፔንታፕሪዝም ነው። መስታወቶቹ ቀላልና ርካሽ ናቸው፤ ብርሃን ግን በየነጸብራቁ ይቀንሳሉ። በጀማሪው ስታዩ ዓለም ትንሽ ጠበብ፣ ትንሽም ጨለም ብላ ትታያለች፤ በረጅም ቧንቧ እንደማየት ነው። ቀን ቀን አያስቸግርም። ሲመሻሽ፣ ፎከሱ ዓይኑ ላይ ይሁን ጆሮው ላይ በዓይን ለማረጋገጥ ስትሞክሩ ነው የሚታወቃችሁ።

ሁለተኛው ጣጣ ሽፋኑ ነው። ዲ3500ም ካኖን 2000ዲም የሚያሳዩት በቁመትም በወርድም የፎቶውን 95 ከመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። 95ን በ95 ስታባዙት ግን ከፎቶው ስፋት አንድ አሥረኛ የሚያህለው ሳታዩት ይገባል ማለት ነው። ዳር ላይ የሰው ክርን፣ ጥግ ላይ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፤ "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" የምትሉት ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚያች አሥረኛ ነው። ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ብዙዎቻችንም የምናደርገው እሱን ነው። ዲ7500ና 90ዲ ግን 100 ከመቶውን ያሳያሉ፤ ያያችሁት ነው የሚወጣው።

ጣት የሚያዞረው

አንድ ማዞሪያ ባለው ካሜራ በማኑዋል (ሁሉንም ራሳችሁ እየወሰናችሁ) ስትሠሩ ማዞሪያው የሻተርን፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ፣ ፍጥነት ይቀይራል። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ለመቀየር የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ያንኑ ማዞሪያ ታዞራላችሁ። ሲነገር ምንም አይደለም። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስሠራ ምንም አልመሰለኝም ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ሴት ልጁን ወደ ላይ እየወረወረ ሲቀልባት፣ ደመናው ድንገት ተገልጦ ፀሐይ ወጣ። አፐርቸሩን ለማጥበብ ቁልፉን በአውራ ጣቴ ስዳብስ፣ አግኝቼ ስጫን፣ ሳዞር ልጅቷ ደክሟት ወርዳለች። የያዝኩት ካሜራ ጥራቱ አልጎደለም፤ ሁለት ሰከንድ ነው የጎደለው።

በመካከለኛው ላይ አመልካች ጣት አንዱን፣ አውራ ጣት ሌላውን ያዞራል፤ ዓይን ከቪውፋይንደር አይነሳም። አይኤስኦ፣ የፎከስ ዓይነት፣ የብርሃን መለኪያ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ጀማሪው አብዛኛውን ነገር ሜኑ ውስጥ ነው የሚደብቀው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን፣ ካሜራውን አውቶ ላይ አድርጎ ለሚያነሳ ሰው ሁለተኛው ማዞሪያ ጌጥ ነው። አፐርቸር ብቻ እየመረጠ ሌላውን ለካሜራው ለሚተውም አንዱ ይበቃዋል፤ በጣም ጥሩ ጥሩ ፎቶ አንሺዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ቁም ነገሩ ያለው በማኑዋል፣ በሚለዋወጥ ብርሃን፣ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ስትሠሩ ነው።

የሚሮጠውን መያዝ

የፎከስ ነጥቦች (ካሜራው ፎከስ የሚያደርግባቸው የፍሬሙ ቦታዎች) ቁጥር ከሜጋፒክስል በተቃራኒ የሚያወራ ቁጥር ነው። 2000ዲ 9 ነጥብ፣ ዲ3500 11 ነጥብ አላቸው፤ በሁለቱም መስቀለኛ የሚባለው መሐለኛው ብቻ ነው። መስቀለኛ ነጥብ አግድም መስመርንም ቁም መስመርንም ያያል፤ ተራው ነጥብ አንዱን ብቻ ስለሚያይ፣ ፊቱ የቀረበለት ነገር መስመሩ በሌላው አቅጣጫ ከሆነ ወዲያና ወዲህ እያለ ይቃብዛል። ዲ7500 ካሉት 51 ነጥቦች 15ቱ መስቀለኛ ናቸው። 90ዲ 45 ነጥብ አለው፣ ሁሉም መስቀለኛ።

በተግባር ምን ማለት ነው? የጀማሪ ካሜራ ባለቤት ቶሎ የሚማረው ዘዴ መሐለኛውን ነጥብ ዓይን ላይ አድርጎ ፎከስ ይዞ፣ ከዚያ ካሜራውን ዘወር አድርጎ ፍሬሙን ማስተካከል ነው። ለቆመ ሰው ከሩቅ ያገለግላል። ቀረብ ብላችሁ በኤፍ 1.8 (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ስታነሱ ግን ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት በጣት ስለሚለካ፣ ካሜራውን ዘወር ስታደርጉ ፎከሱ ከዓይን ወደ ጆሮ ይሸሻል። ነጥቦቹ ፍሬሙን የሸፈኑለት ካሜራ ያለ ማዞር ዓይኑ ላይ ያርፋል።

የሚሮጥ ነገር ላይ ልዩነቱ ይብሳል። 2000ዲ በሰከንድ 3 ፎቶ፣ ዲ3500 5፣ ዲ7500 8፣ 90ዲ 10 ያነሳሉ። አንድ ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ቢበር፣ በ2000ዲ በአንዱና በሚቀጥለው ፎቶ መካከል ሰባት ሜትር ያህል ይርቃል። በ90ዲ ሁለት ሜትር። ኳሱ እግር ላይ ያለበት ቅጽበት በሰባቱ ሜትር ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ወፍ፣ ስፖርት፣ ውሻ፣ ገና መሮጥ የለመደ ሕፃን (ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው) የምታነሱ ከሆነ ለመካከለኛው የሚከፈለው ገንዘብ ወዲያው ይታያል። መልክዓ ምድር፣ ሕንፃ፣ የምግብ ሳህን፣ የሚሸጥ ዕቃ የምታነሱ ከሆነ ግን ከዚህ ክፍል አንዱንም ቃል አትያዙ፤ ተራራ አይሮጥም።

እግረ መንገዴን፦ መካከለኛዎቹ ሌንሱ ከትክክለኛው ቦታ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ፎከስ የሚያደርግ ከሆነ በሜኑ ማስተካከያ አላቸው፤ ዲ3500ና 250ዲ የላቸውም። ሰፊ አፐርቸር ያለው ሌንስ ገዝቶ "ፎቶዬ ለምን ብዥ ይላል?" እያለ ራሱን የሚወቅስ ሰው አንዳንዴ ጥፋቱ የእጁ አይደለም።

ፀሐይና ፍላሽ

የጀማሪዎቹ ፈጣን ሻተር 1/4000 ሰከንድ ነው፣ የመካከለኛዎቹ 1/8000። ይህ የሚያስፈልግ አይመስልም፤ አንድ ሒሳብ እንሥራ። በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 ልኩ የሆነው ብርሃን ኤፍ 16 ላይ 1/100 ሰከንድ ግድም ነው። ጀርባውን ለማደብዘዝ አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 1.8 ከከፈታችሁት የሚገባው ብርሃን በ79 እጥፍ ያድጋል፤ ሻተሩ ወደ 1/8000 መውረድ አለበት ማለት ነው። የጀማሪው ካሜራ እዚያ አይደርስም፤ ፎቶው ይነጣል። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ እስከ ኤፍ 2.8 አጥቡት፣ ጀርባው አሁንም ያምራል። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ካሜራ አትቀይሩ።

ፍላሽ ላይ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ዲ3500 ከ1/200 ሰከንድ በፈጠነ ሻተር ፍላሽ አያበራም። ዲ7500 በሚስማማ ፍላሽ እስከ 1/8000 ይሄዳል፤ በጠራራ ፀሐይ ፊት ላይ የወደቀ ጥላን በፍላሽ ሞልቶ ጀርባውን ማደብዘዝ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው። በተጨማሪ ዲ7500ም 90ዲም በራሳቸው ላይ ባለችው ትንሽ ፍላሽ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ፍላሽ ማዘዝ ይችላሉ። ካኖን ደግሞ በ250ዲ ላይ የፍላሽ መግጠሚያውን መሐለኛ ንክኪ አውጥቶታል፤ በዚያች አንዲት ነጥብ ብቻ የሚሠሩ ተራ ፍላሾችና ማስነሻዎች አይሠሩበትም። ለዓመታት ያጠራቀሙት ፍላሽ ያላቸው ሰዎች ይህን የሚያውቁት ካሜራውን ገዝተው ከገቡ በኋላ ነው።

ደረጃው የማይነግራችሁ

እስካሁን መካከለኛው ሲያሸንፍ ነው የቆየው። አሁን የተገላቢጦሹ ይምጣ።

ራሳችሁን ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ የጀማሪው 250ዲ ከመካከለኛው ዲ7500 ይበልጥባችሁ ይሆናል። ካኖን በ2013 በ70ዲ የጀመረው ዱዋል ፒክስል የሚባል የፎከስ ስልት አለው፤ በስክሪኑ እያያችሁ ስትቀርጹ ፊትን ሳይዋዥቅ ይከተላል። 250ዲ ይህ አለው፤ ስክሪኑም ወደ ፊት ይዞራል፤ ማይክም ይገጠምበታል። ዲ7500 4ኬ በሚባለው ከፍተኛ የቪዲዮ ጥራት ይቀርጻል፣ ግን ምስሉን በአንድ ተኩል እጥፍ ይቆርጠዋል፣ ቪዲዮ ላይ ፎከሱም እየተንቀጠቀጠ ነው የሚፈልገው። 250ዲም ቢሆን ዱዋል ፒክስሉ 4ኬ ላይ አይሠራም፤ ከእሱ ዝቅ ባለው በ1080 ነው የሚረባችሁ። ሁሉንም የምትፈልጉ ከሆነ 90ዲ ሳይቆርጥ በ4ኬ ከነዱዋል ፒክስሉ ይቀርጻል፣ ማዳመጫም ይሰካበታል። 2000ዲና ዲ3500 የማይክ መሰኪያ እንኳ የላቸውም፤ ለቪዲዮ አትግዟቸው።

ባትሪም በደረጃ አይሄድም። ዲ3500 በአንድ ሙሉ ባትሪ 1550 ፎቶ ያነሳል ተብሎ የተመዘነ ሲሆን ዲ7500 950 ነው። በካኖን ደግሞ 2000ዲ 500፣ 90ዲ 1300። ክብደቱ ግን ሁልጊዜ ለጀማሪው ያደላል፤ ዲ3500 ከነባትሪውና ካርዱ 415 ግራም፣ ዲ7500 720። ሦስት መቶ ግራም ልዩነት ጠረጴዛ ላይ ምንም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ግን ካሜራውን እቤት ትቶ ለመውጣት ሰበብ ይሆናል። እቤት የቀረ ካሜራ ደግሞ 51 የፎከስ ነጥብ ኖረው አልኖረው አንድ ነው።

ኒኮን የምትመርጡ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ዲ3500ና ዲ5600 ቦዲያቸው (ከሌንሱ ውጭ ያለው የካሜራው አካል) ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ሞተር የሌላቸው የድሮዎቹ ኤኤፍ ሌንሶች ሲገጠሙባቸው በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርጉም። ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል ከተጻፈበት ችግር የለም። ዲ7200ና ዲ7500 ሞተሩ ስላላቸው ያገለገሉትን የድሮ ሌንሶች ይቀበላሉ። ካኖን ከ1987 ጀምሮ ሞተሩን ሌንሱ ውስጥ ስላደረገው ይህ ጣጣ የለበትም።

አዲስ ሁሉ የተሻለ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፦ በ2015 የወጣው ዲ7200 ሁለት የካርድ ማስገቢያ ነበረው፤ ዲ7500 ወደ አንድ አወረደው። አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው ላይ ቅጂ እንዲኖር የሚፈልግ፣ በተለይ የሰው ሥራ በክፍያ የሚያነሳ ሰው፣ ታላቁን ወንድም ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ከሁለቱ ኩባንያዎች ወጥታችሁ የምታዩ ከሆነ ፔንታክስ ኬ-70 ድንበሩን ያፈርሰዋል። የሚመደበው ከጀማሪዎቹ ጋር ነው፤ ሆኖም ፔንታፕሪዝም ከ100 ከመቶ ሽፋን ጋር፣ ሁለት ማዞሪያ፣ ከውሃና ከአቧራ መከላከያ፣ ቦዲው ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ አለው። የሚጎድለው የፎከስ ነጥቦቹ 11 ብቻ መሆናቸውና የሌንስ ምርጫው እንደ ሁለቱ አለመሰፋቱ ነው። ዝናብ የሚመታውና የማይሮጥ ነገር የሚያነሳ ሰው ከዚህ የሚሻል በቀላሉ አያገኝም።

ሌንሱን ያልቆጠረ ሒሳብ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለቦዲው ያወጣና ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥሞ ይቀራል። ይህ ሌንስ ሲረዝም የሚከፍተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው። ከሁሉም ሌንሶች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ደግሞ ከእሱ አሥር እጥፍ ግድም ብርሃን ያስገባል።

አሥር እጥፍ ምን እንደሆነ በምሳሌ ልንገራችሁ። ማታ ክፍል ውስጥ በአንድ አምፖል ብርሃን በኪቱ (ከሳጥኑ ጋር በመጣው) ሌንስ አይኤስኦ 6400 የሚጠይቃችሁ ፎቶ፣ በ50ው ከ640 ብዙ አይርቅም። 6400 ላይ ጥቁሩ ቦታ ሁሉ አሸዋ እንደተረጨበት ይሆናል፤ 640 ላይ ይጸዳል። ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር እስከያዘ ድረስ የትኛውም መካከለኛ ቦዲ ከጀማሪው አንጻር ይህን አሥር እጥፍ አይሰጣችሁም። ስለዚህ የጀማሪ ቦዲ ከ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጋር፣ ኪት ሌንስ ብቻ ከያዘ መካከለኛ ቦዲ ጋር ማታ ክፍል ውስጥ ቢገናኙ ጀማሪው ያሸንፋል፣ ያውም በሰፊው። (50 ሚሊ ሜትር በነዚህ ሴንሰሮች ላይ እንደ 75 ወይም 80 ሆኖ ጠበብ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ክፍላችሁ ጠባብ ከሆነ ወደ ግድግዳው እያፈገፈጋችሁ ትቸገራላችሁና 35 ሚሊ ሜትር ይሻላችኋል።)

ቦዲ ያረጃል፤ ጥሩ ሌንስ ሦስት ቦዲ ይቀብራል። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ መካከለኛውን ገዝታችሁ ለአንድ ተጨማሪ ሌንስ የሚሆን ካልተረፋችሁ፣ መካከለኛው ከአቅማችሁ በላይ ነው። ወደ ጀማሪው ውረዱና ልዩነቱን ለሌንስ አውሉት።

ያገለገለ መካከለኛ

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እኔም የማደላው ወደ እሱ ነው። ጥቂት ዓመት ያገለገለ 80ዲ ወይም ዲ7200 ዋጋው አዲስ ጀማሪ ካሜራ አጠገብ ይደርሳል። ከዚህ በላይ የተነገረው ማዞሪያ፣ ቪውፋይንደር፣ ፎከስ ሁሉ አብሮት ይመጣል። የጎደለው ዋስትናው ነው፤ ስለዚህ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ግዙ።

መጀመሪያ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ጠይቁ። የዲ7200ና የዲ7500 ሻተር ለ150,000፣ የ90ዲ ለ120,000፣ የ80ዲና የዲ3500 ለ100,000 ጊዜ ተፈትኗል። ይህ ማለት በ100,001ኛው ይሞታል ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ አልፈው ይሄዳሉ፤ ግን የዋጋ መከራከሪያ ነው። በኒኮን ቁጥሩ ካነሳችሁት ፎቶ ፋይል ውስጥ ይነበባል፤ በካኖን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ፕሮግራም ይፈልጋል። ቀጥሎ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና ፎቶውን አጉሉት። ብዥ ያሉ ጥቁር ነጥቦች ከታዩ አቧራ ነው፣ ይጸዳል፤ ቀጭንና ጥርት ያለ መስመር ከታየ ጭረት ሊሆን ስለሚችል ተዉት። ሁለቱንም ማዞሪያዎች ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፤ ቁጥር እየዘለሉ ከሄዱ ደክመዋል። የካርድ ማስገቢያውን በብርሃን አይታችሁ የታጠፈ ንክኪ እንደሌለ አረጋግጡ። መጨረሻ ላይ ቁልፉን ተጭናችሁ ካሜራው ሞልቶበት እስኪዘገይ ድረስ በተከታታይ አንሱ፤ ታማሚ ካሜራ እዚያ ላይ ነው የሚያስለው።

ወደ ሙሉ ፍሬም (ሴንሰሩ ከኤፒኤስ-ሲ ወደሚበልጥ ካሜራ) የሚጎትታችሁ ሻጭም አይጠፋም። መልካም ነው፤ ግን ለኤፒኤስ-ሲ የተሠሩ ሌንሶቻችሁ ሴንሰሩን አይሸፍኑትም፤ የካኖን የራሱ የሆኑት በሙሉ ፍሬም ዲኤስኤልአሩ ላይ ጭራሽ አይገጠሙም። ቦዲ ብቻ የቀየራችሁ መስሏችሁ ቦርሳውን በሙሉ ትቀይራላችሁ።

ታዲያ የትኛውን?

ካሜራ ካላችሁ ዛሬ ማታ የጣላችኋቸውን ፎቶዎች አውጥታችሁ ተመልከቱ። ብዥ ያሉት ሰውየው ስለተንቀሳቀሰ ነው? ብርሃን ስላነሰ ሻተሩ ዘግይቷል፤ የሚያስፈልጋችሁ ሌንስ ነው። ጀርባው ጥርት ብሎ ሰውየው ብዥ ብሏል? ፎከሱ ስቷል፤ በሚሮጥ ነገር ላይ ደጋግሞ ከሆነ መካከለኛ ቦዲ ይረዳችኋል። አንዱ ነጥቶ አንዱ ጨልሞ፣ ስታስተካክሉ ጊዜው አልፎ ነው? ማዞሪያ። ፎቶዎቹ ደኅና ሆነው ግን የሚያስጠላ ነገር ካላቸው ብርሃኑንና የቆማችሁበትን ቦታ ነው የምትቀይሩት፤ ለእሱ የሚሸጥ ካሜራ የለም።

ካሜራ የሌላችሁ ደግሞ ሁለቱንም በየተራ ያዙ። ትንሹ ጣታችሁ ከመያዣው በታች ማረፊያ አጥቶ ይንጠለጠላል? ዓይናችሁን ከቪውፋይንደር ሳታነሱ አፐርቸሩን መቀየር ትችላላችሁ? መነጽር የምታደርጉ ከሆነ አራቱንም ጥግ ታያላችሁ? አምስት ደቂቃ በአንድ እጅ ይዛችሁ ስትቆዩ አንጓችሁ ምን ይላል? ሻጩ በዚህ መካከል ስለ ሜጋፒክስል ሊነግራችሁ ይጀምራል፤ እስኪጨርስ አዳምጡትና ማዞሪያውን ማዞራችሁን ቀጥሉ።